ሃይድሮክሲዩሪያ ያለ ቆጠራ አይሰጥም

እንደምን አደራችሁ! የመድኃኒት ቤት ሰዎች፣ ነርሶች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። በር ላይ የቆማችሁ ግቡ፤ ከፊት ቦታ አለ።

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ካፕሱል ነው። 500 ሚሊ ግራም ይይዛል። አንዱ ሳጥን ላይ «ሃይድሮክሲዩሪያ» ይላል፣ ሌላው ሳጥን ላይ «ሃይድሮክሲካርባማይድ»። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው። ይህን ገና ከመጀመሪያው የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕመምተኛው ባለፈው ወር አንዱን ሳጥን ወስዶ፣ በዚህ ወር ሌላውን ቢሰጠውና «ይኸኛው አዲስ የታዘዘልኝ ነው» ብሎ ሁለቱንም ቢውጥስ? መጠኑ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳትናገሩ ሳጥን አታስረክቡ።

አራት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል? ሁለተኛ፣ ለማን ይሰጣል? ሦስተኛ፣ የደም ሴል ቆጠራውን እንዴት እንከታተላለን፣ ምንስ ይበላሻል? አራተኛ፣ የላቦራቶሪ ሰዎች በሴልና በእርሾ ላይ እንዴት ይጠቀሙበታል? ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ። መሐል ላይ ከመንገድ ብወጣ ታገሡኝ፤ እመለሳለሁ።

ወደ አንደኛው ልግባ። ይህ ውሁድ መጀመሪያ የተሠራው በ1869 ጀርመን አገር ነው፤ ድሬስለርና ሽታይን የሚባሉ ሁለት ኬሚስቶች ሠሩት። ለመድኃኒት ብለው አልነበረም። በ1928 ለእንስሳት ሲሰጥ የደም ሴሎችን እንደሚቀንስ ታየ፤ ታይቶም ተረሳ። የካንሰር መድኃኒት ፍለጋው ሲጧጧፍ እንደገና ተነሣና በ1967 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ከተሠራ ከ98 ዓመት በኋላ ማለት ነው!

ምን ያደርጋል? ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን መገልበጥ አለበት። ለመገልበጥ ደግሞ ጡብ ያስፈልገዋል። ጡቡን የሚያዘጋጅለት ሪቦኑክሊዮታይድ ሪዳክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። የአርኤንኤውን ጡብ ይቀበልና ከስኳሩ ላይ አንድ ኦክስጅን አንሥቶ የዲኤንኤ ጡብ ያደርገዋል። ኢንዛይሙ ይህን ሥራ የሚሠራው በትንሹ ክፍሉ ውስጥ፣ ከብረት አጠገብ ባለች ታይሮሲን ላይ በተቀመጠች አንዲት ነጠላ ኤሌክትሮን ኃይል ነው። ሃይድሮክሲዩሪያ ያቺን ኤሌክትሮን ያጠፋታል። ጡብ ያልቃል፣ ግንቡ ይቆማል። ግንቡ ቆመ እንጂ አልፈረሰም! ጡቡ ሲመለስ ግንበኛው ካቆመበት ይቀጥላል።

እንግዲህ ይህ መድኃኒት ፍሬን ነው። ሲረገጥ ይይዛል፣ ሲለቀቅ ይለቃል። ከዋጡት በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ይወርዳል፤ በየቀኑ የሚወሰደውም ለዚህ ነው። ጠዋት የተዋጠው ማታ አብዛኛው ወጥቷል፤ የደም ሴል የሚሠራው መቅኒ እንደገና ሥራ ጀምሯል። ይህን ያዙልኝ፤ ስንት ነው የረገጥነው? ለስንት ሰዓት? በሕክምናውም በላቦራቶሪውም የሚበላሸው ነገር ሁሉ የሚመጣው ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

ብዙ ክፍሉ የሚወጣው በኩላሊት ነው። ስለዚህ የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ60 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ የመነሻው መጠን በግማሽ ይቀነሳል፤ 15 የነበረው 7.5 ሚሊ ግራም በኪሎ ይሆናል። የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬአቲኒን፣ ሳይታይ የተጀመረ ሃይድሮክሲዩሪያ በጨለማ የተነዳ መኪና ነው።

ሁለተኛው፣ ለማን?

ሲክል ሴልን አስቀድማለሁ። እዚህ አገር ደገኛው ሐኪም እምብዛም አያየው ይሆናል፤ በምዕራቡ ቆላና ከሱዳን በኩል በሚመጡ ቤተሰቦች ዘንድ ግን እንግዳ አይደለም። አንዲት የዘረ መል ፊደል ተለውጣ በሄሞግሎቢኑ ላይ ግሉታሚክ አሲድ መሆን የነበረበት ቦታ ቫሊን ይገባል። ኦክስጅን ሲያንስ ሄሞግሎቢኑ እየተያያዘ ዘንግ ይሠራል፣ ቀዩ ሴል እንደ ማጭድ ይቆለመማል፣ ቀጭኑን የደም ሥር ይዘጋል። ክራይሲስ የምንለው ያ አጥንት የሚሰብር ሕመም ይመጣል።

አሁን አንዲት ሴት ሐኪም ላንሣላችሁ። ጃኔት ዋትሰን ትባላለች፤ በኒው ዮርክ ብሩክሊን የሕፃናት ሐኪም ነበረች። በ1948 አንድ ነገር አስተዋለች፤ ሲክል ሴል ይዘው የተወለዱ ጨቅላዎች ደማቸው ቶሎ አይቆለመምም። ለምን? ጨቅላ ገና ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የወጣው የፅንስ ሄሞግሎቢን አለው፤ ያ ሄሞግሎቢን ዘንግ ውስጥ አይገባም፣ እንዲያውም ዘንጉ እንዳይረዝም ያደናቅፋል። በምሥራቅ ሳውዲ ዓረቢያ ያሉ ሕመምተኞችም ካደጉ በኋላ የፅንስ ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ሕመማቸው ከሌላው ቀለል ይላል። ታዲያ ጥያቄው ምን ሆነ? አዋቂው ሰው የፅንስ ሄሞግሎቢኑን እንደገና እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል ወይ? በ1984 ለሲክል ሴል ሕመምተኞች ሃይድሮክሲዩሪያ ተሰጥቶ ይቻላል ተባለ።

ከዚያ ትልቁ ሙከራ መጣ። 299 አዋቂዎች ገቡበት፤ ግማሹ መድኃኒቱን፣ ግማሹ ባዶ ካፕሱል ወሰደ። ውጤቱ በ1995 ታተመ። ባዶውን በወሰዱት ዘንድ መካከለኛው የክራይሲስ ቁጥር በዓመት 4.5 ሲሆን መድኃኒቱን በወሰዱት 2.5 ሆነ። ልዩነቱ ግልጽ ስለነበር ሙከራው ቀኑ ሳይደርስ ቆመ። በ1998 ለአዋቂዎች፣ በ2017 ደግሞ ከ2 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች በአሜሪካ ተፈቀደ።

«ይህ የነጮች አገር ጥናት ነው፤ ወባ ባለበት አገር ነጭ የደም ሴል የሚቀንስ መድኃኒት እንዴት ይሰጣል?» የሚል ክርክር ነበር። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ግን ተፈተነ። በአንጎላ፣ በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ፣ በኬንያና በዩጋንዳ ከ600 በላይ ልጆች መድኃኒቱን ወስደው ውጤቱ በ2019 ታተመ። ክራይሲሱ ቀነሰ፣ ደም መስጠት ቀነሰ፣ ሞት ቀነሰ። ወባስ? ወባም ቀነሰ! ስለዚህ ወባን ምክንያት አድርጎ ልጁን ያለ መድኃኒት ማስቀመጥ ዛሬ የሚያስኬድ ክርክር አይደለም።

መድኃኒቱ የሚሠራው በፅንስ ሄሞግሎቢን ብቻ ነው ብላችሁ አታስቡ። ኒውትሮፊል የሚባለውን ነጭ የደም ሴል ይቀንሳል፤ በክራይሲስ ጊዜ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መንገድ የሚያጠበው አንዱ እሱ ነው። ከመቅኒ ገና የወጡትን ቀይ ሴሎች ተለጣፊነትም ይቀንሳል። ለዚህ ነው አንዳንድ ሕመምተኛ የፅንስ ሄሞግሎቢኑ ገና ከፍ ሳይል «ተሻለኝ» የሚለው። አላጋነነም።

መጠኑን አብረን እናስላ። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ እንውሰድ። መነሻው በኪሎ 15 ሚሊ ግራም በቀን ነው። 60 በ15፣ 900። ያለን ካፕሱል 500 ነው፤ ስለዚህ ሁለት ካፕሱል፣ 1000 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ። ያ ማለት በኪሎ 16.7 ነው፤ ችግር የለውም። ቆጠራው ከፈቀደ በየ8 ሳምንቱ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም እየተጨመረ ይሄዳል፤ ጣሪያው 35 ነው። ካፕሱል ለሁለት አይቆረጥም፤ በቀን 1250 ከፈለጋችሁ አንድ ቀን ሁለት፣ በማግሥቱ ሦስት ታደርጋላችሁ። ለልጅ መነሻው በኪሎ 20 ነው። 20 ኪሎ ልጅ 400 ሚሊ ግራም ይፈልጋል፤ ካፕሱሉ ግን 500 ነው። እዚህ ላይ የመድኃኒት ቤት ሰው ሙያ ያስፈልጋል። 20 ካፕሱል ለ100 ሚሊ ሊትር፣ በሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም የሆነ ፈሳሽ ይዘጋጃል። ዱቄቱ በክፍሉ ሙቀት ባለ ውኃ በደንብ ይማሰላል፣ የማይሟሟው መሙያ ይጠለላል፣ ከዚያ ሽሮፑ ተጨምሮ ልኩ ይሞላል። ለልጁ 4 ሚሊ ሊትር። ቶሎ ይሟሟልኝ ብላችሁ ውኃውን እንዳታሞቁት! ሙቀት መድኃኒቱን ያፈርሰዋል፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ይሆናል።

ወደ ሁለተኛው የሕመምተኛ ወገን ልሂድ። መቅኒያቸው ያለ ልክ የሚያመርት ሰዎች ናቸው። ቀዩ ሲበዛ ፖሊሳይቴሚያ ቬራ፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ሲበዛ ኢሴንሻል ትሮምቦሳይቴሚያ እንለዋለን። ሕመምተኛው «ደሜ ወፍራም ነው ተባልኩ» ብሎ ይመጣል። አደጋው መርጋት ነው፤ ስትሮክ፣ የልብ ደም ሥር መዘጋት፣ የእግር ደም ሥር መዘጋት። ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ወይም ከዚህ በፊት ደም የረጋበት ሰው አደጋው ከፍ ያለ ነው፤ ለእሱ ሃይድሮክሲዩሪያ ይሰጣል። በ1995 የታተመ የጣልያን ጥናት 114 እንዲህ ያሉ የፕላትሌት ሕመምተኞችን ለሁለት ከፈለ፤ መድኃኒቱን ካልወሰዱት በ24 በመቶው ላይ ደም ረጋ፣ ከወሰዱት በ3.6 በመቶው ብቻ። ለፖሊሳይቴሚያ ደግሞ ዒላማው ሄማቶክሪት፣ ማለትም ቀይ ሴል ከደሙ የሚይዘው ድርሻ፣ ከ45 በመቶ በታች ነው። ይህም በጣልያን በ365 ሕመምተኞች ተፈትኗል፤ ከ45 እስከ 50 የተተዉት ከባድ መርጋትና በልብ ሞት አራት እጥፍ ገደማ ደረሰባቸው። 46ን «ያው ነው» አትበሉ!

እዚህ ላይ ከመንገድ ልውጣ። የደገኛ ሰው ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ ሲገኝ «ከፍታው ነው» ተብሎ ይታለፋል። እውነት ነው ወይ? በ2002 በታተመ ጥናት በ3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞች ተለክተው ነበር። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ወጣ፤ ባሕር ጠርዝ ላይ ካለ ሰው እምብዛም የተለየ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ያሉት ግን ከፍ ይላል። በሌላ ጥናት የባሌ ደጋ ኦሮሞዎች ከዚህ ከፍ ብለው ተገኝተዋል፤ አንድ ዓይነት አይደለንም። ስለዚህ የ18 ግራም ሄሞግሎቢን ይዞ የመጣን ሰው በከፍታ አሳብባችሁ አትሸኙት። ፖሊሳይቴሚያ እንዲጠረጠር ያለው ድንበር ለወንድ ከ16.5፣ ለሴት ከ16 በላይ ነው።

ሦስተኛው ወገን የደም ካንሰር ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። በክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ ሃይድሮክሲዩሪያ ነጩን ሴል ያወርደዋል፣ ጣፊያውም ይሟሽሻል፣ ሰውየው ምግብ መብላት ይጀምራል፣ «ዳንኩ» ይላል። አልዳነም! የበሽታው ሥር የሆነው የፊላደልፊያ ክሮሞዞም እንዳለ ነው። ኢማቲኒብ ከ2001 ወዲህ የሥሩ መድኃኒት ሆኗል፤ ሃይድሮክሲዩሪያ የዘረ መል ምርመራው ውጤት እስኪመጣና ኢማቲኒቡ እስኪጀመር ድረስ ድልድይ ነው። ድልድይ ላይ ቤት አይሠራም።

በአኪዩት ሉኬሚያ ነጩ ሴል ከ100,000 በላይ ሲወጣ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ዓይን ሲጋረድ፣ መጠኑ ወደ 50 እና 60 ሚሊ ግራም በኪሎ ከፍ ይልና በቀን ተከፋፍሎ ይሰጣል። ያኔ ሴሎቹ በጅምላ ስለሚፈርሱ ዩሪክ አሲድ ኩላሊቱን እንዳይዘጋ በደም ሥር ፈሳሽና ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰው አሎፑሪኖል አብረው ይጀመራሉ። አንድ ስሕተት ልንገራችሁ፤ ሄሞግሎቢኑ 6 ነው ተብሎ ነጩ ሳይወርድ ደም ይሰጠዋል። ደሙን ይበልጥ አወፈራችሁት፤ ሳንባውና አንጎሉ ላይ ያለው መንገድ ይዘጋል። ካላስገደደ በቀር ነጩ እስኪወርድ ይታገሡ።

አሁን ሦስተኛው ነጥብ፣ የዛሬው ዋና ጉዳዬ። ቆጠራ።

ሲቢሲ፣ ማለትም ሙሉው የደም ሴል ቆጠራ፣ ሳይታይ አይጀመርም። መጠን እያስተካከላችሁ ሳላችሁ ቢያንስ በየ4 ሳምንቱ፣ መጠኑ ከረጋ በኋላ በየ2 ወይም በየ3 ወሩ ይታያል። ስትቀበሉት የመጀመሪያው ዓይናችሁ የት ይረፍ? ኒውትሮፊሉ ላይ። ጠቅላላ ነጭ ሴል ሳይሆን ኒውትሮፊል! ነጩ 5200፣ ኒውትሮፊሉ 38 በመቶ ነው እንበል። 5200 በ0.38፣ 1976። ጠቅላላው ጥሩ ይመስላል፤ ኒውትሮፊሉ ግን ከ2000 ወርዷል። የሲክል ሴል ሕመምተኛ ኒውትሮፊሉ ከ2000 በታች፣ ወይም ፕላትሌቱ ከ80,000 በታች ሲሆን መድኃኒቱ ይቆማል፤ ቆጠራው በየሳምንቱ ይደገማል፣ ሲመለስ ይጀመራል። እንደገና ደጋግሞ ከወረደ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ዝቅ ብሎ ይጀመራል። ፍሬን ነው አላልኩም? ሲለቁት መቅኒው ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይመለሳል።

ግን፣ ግን! የእኛ ሰው ጉዳይ አለ። ከአፍሪካና ከዓረብ ምድር የዘር ሐረግ ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ጤነኛ ሆነው ሳለ ኒውትሮፊላቸው ዝቅ ያለ ነው። በእስራኤል በሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ላይም ይህ በጥናት ታይቷል። በሽታ አይደለም፤ ለኢንፌክሽን አያጋልጥም። አሁን አስቡት፤ መድኃኒቱን ሳይጀምር 1900 የነበረ ሰው፣ በወሩ 1850 ሲወጣ «መድኃኒቱ መቅኒውን አደረቀው» ተብሎ ቢቆምበትስ? ምን አጠፋ መድኃኒቱ? መነሻው ካልተመዘገበ ይህን ማወቅ አትችሉም። የአሜሪካ መመሪያም መነሻቸው ዝቅ ያለ ወጣቶች እስከ 1250 ድረስ በደህና እንደሚችሉት ይናገራል። ስለዚህ የመነሻው ሲቢሲ ፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በቀይ ስክሪብቶ፣ ይጻፍ!

ስሕተቱ በሁለት በኩል ነው። አንዱ ሳይቆጥር ይሰጣል። ሌላው ቆጥሮ ይፈራል። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይልቅ የተለመደ ይመስለኛል፤ ስለማይጮኽ አይታይም። ሕመምተኛው ለሦስት ዓመት በቀን አንድ ካፕሱል ይዞ ይኖራል፣ በየወሩ ክራይሲስ ይገባል፣ «መድኃኒቱ አልሠራለትም» ይባላል። መጠኑ መቼ ደረሰና? ሰውነቱ በሚችለው ከፍተኛ መጠን ላይ 6 ወር ሳይቆይ አልሠራም ማለት አይቻልም።

መዋጡንስ በምን ታውቃላችሁ? ኤምሲቪን፣ የቀይ ሴሉን አማካይ ግዝፈት፣ ተመልከቱ። ቀዮቹ ሴሎች በዚህ መድኃኒት ይገዝፋሉ፤ 85 የነበረው ወደ 100 እና ከዚያ በላይ ይወጣል። በሦስት ወር ካልተነቃነቀ ጠይቁ። በቁጣ አይደለም፤ «እማማ፣ ካፕሱሉ ያስቸግርዎታል? ዋጋው ከብዶ ነው?» ብላችሁ። ብረት ያነሰው ወይም አልፋ ታላሲሚያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ የሄሞግሎቢን ሕመም ያለበት ሰው ላይ ግን ይህ ምስክር ሊያሳስት ይችላል። ግዝፈቱ ደግሞ የፎሊክ አሲድ እጥረትን ይሸፍናል፤ ፎሊክ አሲድ አብሮ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

የቆጠራ ማሽኑ ቢበላሽ፣ ሪኤጀንት ቢያልቅስ? ይደርሳል፤ እናውቃለን። ያኔ መጠን አይጨመርም። ነጩ በማይክሮስኮፕ በመቁጠሪያ ክፍል ይቆጠራል፣ ስላይድ ተቀብቶ ዲፈረንሻሉ፣ የየዓይነቱ ነጭ ሴል ድርሻ፣ በእጅ ይሠራል። የድሮው ዘዴ አልሞተም።

የላቦራቶሪ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ የእናንተ ነው። ሃይድሮክሲዩሪያ ዩሪያን፣ ዩሪክ አሲድንና ላክቲክ አሲድን በዩሬዝ፣ በዩሪኬዝና በላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ በምንለካባቸው ዘዴዎች ውስጥ ይገባል፤ ውጤቱን በሐሰት ከፍ ያደርጋል። አንዳንድ ቆዳ ላይ የሚለጠፉ የስኳር መለኪያዎችንም እንዲሁ ያሳስታል፤ ስኳሩ ሳይጨምር ጨመረ ብሎ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። የመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ «ሃይድሮክሲዩሪያ ይወስዳል» የሚል መስመር ይጻፍ። አንድ ቃል ነው። ፕላትሌቱ እጅግ ከፍ ባለ ሰው ደግሞ በረጋ ደም የተለካ ፖታሲየም በሐሰት ከፍ ይላል፤ ፕላትሌቱ ሲረጋ ፖታሲየሙን ስለሚያፈስ ነው። በሄፓሪን ቱቦ ይደገም።

ሰውነት ላይ የሚታየውን በፍጥነት ልለፍ። ጥፍር ላይ ቁልቁል የሚወርድ ጥቁር መስመር ይወጣል፤ ጉዳት የለውም፣ ግን አስቀድማችሁ ካልነገራችሁት ሕመምተኛው ተመርዣለሁ ብሎ ያቆማል። ቆዳ ይደርቃል፣ አፍ ይቆስላል። ለዓመታት በወሰዱት፣ በተለይ በመቅኒ ሕመምተኞች፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያቃጥል ቁስል ሊወጣ ይችላል። ቅባት ሲቀየርለት፣ ፋሻ ሲቀየርለት ወራት ያልፋል፤ አይድንም። የሚድነው መድኃኒቱ ሲቆም ነው። ለብዙ ዓመት የወሰደ ሰው ከፀሐይ ይጠንቀቅ፤ የቆዳ ካንሰር አለ። እርግዝና ላይ አይወሰድም፤ ሴቷ እየወሰደችም ካቆመችም በኋላ ቢያንስ ለ6 ወር መከላከያ ትጠቀም። የወንዱን የዘር ሴል ቁጥር ይቀንሳል፤ ልጅ ለሚፈልግ ወጣት ይህ ከመጀመሩ በፊት ይነገረው እንጂ ካገባ በኋላ አይስማው።

ቢጫ ወባ ክትባትን አስታውሱ። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ካርዱን ለማውጣት ብቻ ይከተባል። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ነው፤ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይከተብ። ጾምም ይጠየቃል። ካፕሱሉ በባዶ ሆድም በምግብም ይወሰዳል፣ በቀን አንዴ ነው፤ ስለዚህ ጾመኛው ወደ ማታ ሊያዞረው ይችላል። ለሲክል ሴል ሕመምተኛ የሚያሰጋው ውኃውን መተው ነው፤ የውኃ እጥረት ክራይሲስ ይጠራል። ይህን ለንስሐ አባትም ለኢማምም ማስረዳት ይቻላል፤ ይረዳሉ።

ቤት ውስጥ ደግሞ፦ ካፕሱሉን የሚያነሣ አስታማሚ ጓንት ያድርግ፣ እጁን ይታጠብ። ነፍሰ ጡር አትንካው። ካፕሱል ተከፍቶ ዱቄቱ ከፈሰሰ በእርጥብ ፎጣ ተጠርጎ፣ ፎጣው በላስቲክ ታስሮ ይጣል፤ በመጥረጊያ አይጠረግ፣ ይበናል። የዘለለው ካፕሱል በማግሥቱ በእጥፍ አይተካም።

አራተኛው ነጥብ፣ ላቦራቶሪ። ሐኪሞቹ እዚህ ላይ እንዳታንቀላፉ።

ተመራማሪ ይህን መድኃኒት የሚወደው ለዚያው ፍሬን ብሎ ነው። ሳህን ውስጥ ያሉ ሴሎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሰዓት ይከፈላሉ፤ አንድ ላይ እንዲነሡ ከተፈለገ አንድ ቦታ ማስቆም ያስፈልጋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የሞለኪውል ክብደቱ 76.05 ነው። 760 ሚሊ ግራም መዝኑና እስከ 10 ሚሊ ሊትር ድረስ በንጹሕ ውኃ አሟሙት፤ 1 ሞላር ሆነ። በ0.22 ማይክሮን ማጥለያ አጥሉት፣ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡት። የቀለጠ ቱቦ ተመልሶ አይቀዘቅዝም። ለሰው ሴል 2 ሚሊሞላር ይበቃል፤ ለ10 ሚሊ ሊትር ሚዲያ፣ ሴሎቹ ለሚመገቡት ፈሳሽ፣ 20 ማይክሮ ሊትር። ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ 37 ዲግሪ በሞቀ ፒቢኤስ፣ በማጠቢያው የጨው ውኃ፣ ሁለቴ ታጥቦ ንጹሕ ሚዲያ ይሰጠዋል። በየ2 ሰዓቱ ናሙና ወስዳችሁ በቀዝቃዛ 70 በመቶ ኤታኖል አቆዩ፣ ዲኤንኤን በሚያቀልመው ፕሮፒዲየም አዮዳይድ ቀብታችሁ በፍሎ ሳይቶሜትር ተመልከቱ። አርኤንኤን የሚያፈርሰውን አርኤንኤዝ መጨመሩን የረሳ ሰው የሚያየው ሰፊ ኮረብታ ነው፤ ቀለሙ አርኤንኤንም ይይዛልና።

ምን ይበላሻል? አንደኛ፣ ዱቄቱ እርጥበት ይስባል። ክዳኑ ላልቶ የከረመ ጠርሙስ ኃይሉን ያጣል፤ ሴሎቹ አይቆሙም፣ ተማሪው ሴሎቹን ይወቅሳል። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ ሲገባ መገልበጥ ላይ የነበሩ ሴሎች ባሉበት ነው የሚቆሙት፤ ገና ያልጀመሩት በር ላይ ይጠብቃሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ማስቆም ንጹሕ ሰልፍ አይሰጥም። ለቃችሁ፣ 9 ወይም 10 ሰዓት ጠብቃችሁ፣ እንደገና አስቁሙ። ሦስተኛ፣ ጊዜ! ዲኤንኤ የሚገለበጥበት ፎርክ ለጥቂት ሰዓት ቆሞ ይጠብቃል፤ 24 ሰዓት ሲሞላው ይሰበራል። ያኔ የምታዩት የቆመ ሴል ሳይሆን የተጎዳ ሴል ነው። የዲኤንኤ ስብራትን የሚያሳየውን የጋማ ኤችቱኤኤክስ ምርመራ አድርጉና ታያላችሁ። ጉዳቱን ራሱን ለማጥናት ከሆነ ጥሩ፤ ለሰልፍ ከሆነ ግን ሙከራው ተበላሽቷል።

እርሾ ላይ ቁጥሩ ሌላ ነው፤ 200 ሚሊሞላር። ከ1 ሞላሩ ብትጨምሩ ሚዲያው ይቀጥናል፤ ዱቄቱን በቀጥታ ጨምሩ፣ ለ50 ሚሊ ሊትር 760 ሚሊ ግራም። የአጋር ሳህን ስታዘጋጁ አጋሩ ወደ 55 ዲግሪ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ የሽሮፑ ሕግ እዚህም ይሠራል።

አንድ ስሌት ላሳያችሁ። በኪሎ 20 ሚሊ ግራም የዋጠ ሰው መድኃኒቱ በሰውነቱ ውኃ ሁሉ ቢበተን፣ በኪሎ 0.6 ሊትር ነው፣ በሊትር 33 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 0.44 ሚሊሞላር ይሆናል። ከዚያም በሰዓታት ይወርዳል። ሳህኑ ላይ 2 ሚሊሞላር፣ ያውም 18 ሰዓት ሙሉ። እርሾው ላይ 200! ስለዚህ «ሃይድሮክሲዩሪያ ዲኤንኤ ይሰብራል» የሚል የሳህን ውጤት ይዞ ክራይሲስ ላይ ያለ ልጅን መድኃኒት የሚከለክል ሰው ካያችሁ፣ ስንት ሚሊሞላር፣ ስንት ሰዓት ብላችሁ ጠይቁት።

ሰዓቴ አልቋል፤ አንድ ወረቀት ግን ደርሶኛል፤ ከአንዲት እናት ነው። «ልጄ ሲክል ሴል አለበት፤ ካፕሱሉን ይወስዳል። ትኩሳት ሲይዘው ላቁምበት ወይስ ልቀጥል?» ይላል። እናቴ፣ 38.5 ከደረሰ እቤት የሚወሰን ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ። ጣፊያው ስለማይሠራለት ኢንፌክሽኑ ይቀድመዋል። ሲቢሲና የደም ካልቸር ይወሰድለታል፣ አንቲባዮቲኩ ውጤት ሳይጠበቅ ይጀመራል። የካፕሱሉን ሳጥን ይዘሽ ግቢ፤ የዚያን ቀን ካፕሱል የኒውትሮፊሉ ቁጥር እስኪወጣ ድረስ አቆዪው።